አንገቱ የተቆረጠው ሹራብ

ትናንት አንዲት ተማሪ ሱቄ ገብታ «ተርትል ኔክ አለ?» ብትለኝ፣ የለም ከማለቴ በፊት እጄ ወደ ገዛ አንገቴ ሄደ። ልጅቱ ያመመኝ መስሏት ወጣች። ለገበያ ሸጋ ነገር አይደለም፤ ያን እስከ አገጭ የሚደርስ አንገት ግን እኔ ሱቅ ውስጥ አላስገባም።

አባቴ ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ሲሸጥ፣ የልብስ አንገቶችን ሁሉ ስም በእንግሊዝኛ ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ነው። ገበያው ቦታ በጡጫ የሚያዝበት ስለነበር ትርጉሙን የተማርነው በጠብ ነው፦ ኮሌታ ለያዥ እጀታ ነው፣ ራውንድ ኔክ ይለጠጥና ታመልጣለህ፣ ቪ ኔክ ቶሎ ተቀዶ ነፃ ያወጣሃል፣ ተርትል ኔክ ግን ራስህ ያጠለቅኸው ገመድ ነው። አባታችን በገበያ ቀን ከቪ ኔክ ሌላ አያስለብሰንም ነበር።

አንድ የኅዳር ማለዳ፣ ብርዱ ከወገራ ደጋ ወርዶ ጥርስ ሲያጋጭ፣ ሰይድ ከተፈታው ጥቅል ቀይ ተርትል ኔክ መዝዞ ለበሰ። አባቴ አውልቅ ቢለው ለብርድ ነው አለ፤ ማዶ ጫማ ለምትሸጠው ልጅ እንደሆነ ግን ገበያው ሁሉ ያውቃል። ፀሐይ ሳትሞቅ ከጎናችን የሚሸጥ አንድ ጉልቤ ሸራውን ወደ እኛ ቦታ ገፋ፤ ሰይድ መልሶ ገፋው። ሰውየው በግንባሩ የሰይድን አፍንጫ በረቀሰው፣ ከኋላው ዞሮም የሹራቡን አንገት ጨምድዶ እንደታጠበ ልብስ ጠመዘዘው። የወንድሜ ፊት ጠቆረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ እግሩ አፈር ጫረ። እኔ የሰውየውን ባት ነክሼ ደም ቀመስኩ፤ የመለሰልኝ ርግጫ የፊት ጥርሴን ወሰደው።

አባቴ የጨርቅ መቀሱን ይዞ ሲዘል ሴቶቹ ጮኹ፤ ገደለው ያላለ የለም። እሱ ግን መቀሱን ከሰይድ አገጭ ሥር ሰድዶ፣ ሹራቡን ከነቆዳው እስከ ደረቱ ሰነጠቀው። ሰይድ በአፍ ጢሙ ተደፋ፤ ጉልቤው ከሹራቡ የተገነጠለ ቀይ እራፊ ይዞ ቀረ።

ሰይድ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ ደሙ በደረቱ እየወረደ፣ «ምነው አባባ፣ አዲስ ነበር እኮ» አለ።

«ቪ አደረግሁልህ» አለው አባቴ፤ ከዚያ በጥፊ አጠናገረው።

ጫማ ሻጯ ኋላ ያገባችው ከነጠባሳው ነው። ያን ጊዜ የሚያንቅህን ሰው ትንፋሹን ትሰማው ነበር፤ አባትህም መቀስ ይዞ ይደርስልህ ነበር።

አምና ሰይድ ከአዘዞ ሲመለስ፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጥይት መንገድ ላይ ጣለው። የአባታችን መቀስ ዛሬም ከመደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ እስለዋለሁ። ሬሳውን ስንረከብ፣ የለበሰው ቪ ኔክ ነበር።