የደጋኑ ባለ መስታወት

ዘይኑልአቢዲንን የደጋን መንደር ሰው «ባለ መስታወቱ» ይለው ነበር። ስሙ የወጣለት ቀያሾች ከእርሻው በላይ ባለው ኮረብታ ጫፍ ላይ የሲሚንቶ ምሰሶ ተክለው፣ በአናቱ የነሐስ ምልክት ቀብረው እሱን ጠባቂ ካደረጉት ጀምሮ ነው። ቀያሾቹ በመጡ ቁጥር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው በሐረጎ አቀበት ላይ መሣሪያቸውን ያቆማሉ፤ ዘይኑ ደግሞ በዚህኛው ኮረብታ ምሰሶው ላይ መስታወት አስሮ ይቆማል። ከሐረጎ የተላከው ብርሃን መስታወቱን መትቶ ሲመለስ በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ያለው ርቀት ይታወቃል።

የቀያሾቹ አለቃ ከፍያለው የደሴ ልጅ ነው። ምድር ከሥር ቀስ እያለች እንደምትላወስ፣ የአፋር ቆላ ከደጋው እየራቀ እንደሚሄድ፣ ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ ቢመለከት እንደማያየው አስረድቶት ነበር። ዘይኑ «አላህ ያውቃል» ብሎ ተቀበለ። ሥራው አልከበደውም። መስታወቱ እንዳይዛነፍ ይጠብቃል፣ በጃንጥላ ፀሐይ ይከልላል፣ በሬዲዮ ሲጠሩት የሙቀት መለኪያውን አንብቦ ይናገራል። ቁጥር ያወቀው በመሠረተ ትምህርት ነው።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ እርሻው ባዶ ሲቀር ቤቱን ያቆመው ይኸው ሥራ ሆነ። ሚስቱ ከሪማና ልጁ ለይላ ቢከሱም በረሃብ አልወደቁም። ለይላ ለትዳር የደረሰች፣ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ልጅ ነበረች።

አንድ ጠዋት ዘይኑ ኮረብታው ላይ ሳለ የጭነት መኪኖች ተከታትለው በታች በኩል በአስፋልቱ ሲያልፉ አየ። እህል የጫኑ መሰለው። ሐረጎ ላይ ጉም ስለነበር ልኬቱ ገና አልተጀመረም፤ ሥራ ፈትቶ መኪኖቹን እስከ መጨረሻው ተመለከታቸው።

ከሰዓት በኋላ ሲወርድ ቤቱ ባዶ ነበር። የሆነውን ጎረቤቶቹ ነገሩት። ስንዴ ይታደላል ተብሎ ሴቶቹ ወደ መንገዱ ወርደው ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ታጣቂዎች ከበቧቸውና መኪና ላይ አሳፈሯቸው። ሠፈራ ነው ተባለ። ከሪማና ለይላም ከተጫኑት ውስጥ ነበሩ።

ዘይኑ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ በሺር ሄደ። አብረው ነው ያደጉት። በሺር ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘው፤ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት። ዘይኑ አልተቀመጠም።

«ቁጥር ጎደለ አሉኝ» አለ በሺር። «ካልሞላህ ራስህ ትሄዳለህ አሉኝ። ወላሂ፣ የነሱን ስም እኔ አልጠራሁም።»

«ከመኪናው ይውረዱ ብለህም አልተናገርክም።»

ዘይኑ መቆጣት እንዳለበት ያውቃል። ቁጣው እስኪመጣ ቆሞ ጠበቀ፤ አልመጣም። ዓይኑ ያረፈው በበሺር ሸሚዝ ላይ በላላ ክር በተንጠለጠለ ቁልፍ ላይ ነበር። ቁልፉ ሊወድቅ ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ከፍያለው ሥራውን አቁሞ በላንድሮቨር ወደ ደሴ ይዞት ወጣ። ሰፋሪዎቹ አድረውበታል በተባለው ግቢ በር ላይ አንድ ታጣቂ ብቻ ቀርቷል። ጎህ ሳይቀድ ወጥተዋል አላቸው። ወለጋ ይውሰዷቸው መተከል እሱም አያውቅም። ከፍያለው ዘይኑን ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ካለች አንዲት ሻይ ቤት አስገብቶ ሻይና ዳቦ አዘዘለት። ዘይኑ ዳቦውን በላ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ብርጭቆውን ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋ አደረገው።

«ጋሼ ዘይኑ፣ ትንሽ ይረፉ። ለመስታወቱ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለው ከፍያለው።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንጀምረው?» አለ ዘይኑ።

እንዳለውም በማግስቱ ኮረብታው ላይ ተገኘ። ከፍያለው በሬዲዮ ሙቀቱን ሲጠይቀው ሳይሳሳት አነበበለት። ድምፁ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ከፍያለው ከማዶ ሆኖ ቁጥሩን መዘገበ፤ ልኬቱም ቀጠለ።

ቀያሾቹ ጨርሰው ሄዱ። በተከታዩ ዓመት ዝናብ ጣለ፣ ዘይኑም ማሽላ ዘራ። ገሚሱ ሰው አንጀቱ ደንጋይ ነው ብሎ አማው፤ ገሚሱ ደግሞ መተት አድርገውበት ነው አለ። እሱ ይሰግዳል፣ ያርሳል፣ ለራሱ ቂጣ ይጋግራል። ሲተኛ አሁንም ጥግ ይዞ ነው፤ ለከሪማና ለለይላ የሚሆነው ቦታ ክፍት ይተዋል። ሽማግሌዎቹ «አብሽር፣ አላህ ይተካልሃል፣ ሚስት አግባ» ብለው መከሩት። እሱ ተነሥቶ ወደ ማሳው ሄደ።

ከሪማ ከሠፈራው ጠፍታ፣ አንዳንዱን መንገድ በእግሯ፣ አንዳንዱን ለምና በጭነት መኪና ተሳፍራ ስትመለስ ዘይኑ ማሽላውን ይኮተኩት ነበር። እርሻው ዳር ቆማ አገኛት። ጠቁራለች፣ ፀጉሯ ሳስቷል። ብቻዋን ነበረች።

«ገባሽ?» አላት።

«ገባሁ።»

ለይላ በመጀመሪያው ክረምት በወባ መሞቷን የነገረችው ቤት ገብታ ውሃ ከጠጣች በኋላ ነው። ዘይኑ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ አለቀሰ። በሺርም መጥቶ ከሰው ሁሉ ኋላ ተቀመጠ፤ ማንም አላስነሣውም። ባልና ሚስቱ ግን አላለቀሱም። ከዚያ ወዲያ ስለ ጣሪያው ማፍሰስና ስለ ዘር ይነጋገራሉ እንጂ የለይላን ስም አያነሡም።

ቀያሾቹ እንደገና ሲመጡ ከፍያለው የለይላን መሞት ሰምቶ ቤታቸው ድረስ ለቅሶ ደረሰ። ልኬቱ ሊያልቅ ሲል ኮረብታው ላይ ወጥቶ ዘይኑን አገኘው። ካለፈው ልኬት ጋር ልዩነት አለ አለው፤ ልዩነቱ ግን ከመሣሪያው ስህተት ስለማይበልጥ መሬቱ ሄዷል ለማለትም አልሄደም ለማለትም አይቻልም፤ ገና ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ዘይኑ ራሱን ነቀነቀና መስታወቱን ወለወለ።

በመጨረሻው ቀን ከሪማ ምሳ ይዛ ወጣች። ከዚያ ቀን በፊት እዚያ ወጥታ አታውቅም። ይህ ነገር ምን ያደርጋል ብላ ጠየቀችው። ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ሐረጎ፣ ስለ አፋር ቆላ፣ ከፍያለው የነገረውን ሁሉ ነገራት። ከተመለሰች ወዲህ ይህን ያህል አውርቷት አያውቅም።

«ታዲያ ምን አገኙ?»

«ገና ነው አሉ።»

እሱ እንዲበላ ብላ ጃንጥላውን ተቀበለችው። ንፍሮውን አንድ ጊዜ እንደ ዘገነ፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሣ፣

«ቀብሯ ከነበርንበት ጎጆ ሩቅ አይደለም» አለችው።

ዘይኑ ማኘኩን ተወ። «ምን ያህል ይሆናል?»

ከሪማ ዙሪያዋን ቃኘችና ቁልቁለቱ ላይ ያለችውን ግራር በአገጯ አሳየችው። «እስከዚያች ድረስ።»

ዘይኑ ተነሥቶ ወደ ግራሯ ወረደ። ግንዷን በመዳፉ ነክቶ ቆመ፣ ወደ ላይም ዞሮ ሚስቱን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጥላ አለው?» ሲል ጠየቃት።

«አለው። ትልቅ ዛፍ ነው፤ ስሙን አላውቀውም።»

ንፍሮውን ወደ እሷ አስጠጋላት። አብረው በሉ።