ጆንያውን የደበደብኩበት ክረምት

ቦክስ የጀመርኩት ከጀግንነት አይደለም፤ ከእፍረት ነው። በየካቲቱ እልቂት ከታላቅ ወንድሜ ጋር የቀጨኔን ዳገት ሽቅብ ስንሮጥ እሱ ተመትቶ ወደቀ። ስሜን ጠራ። እኔ አልቆምኩም። አጥር ሥር ተደብቄ ጣሊያኖቹ ሬሳውን ካሚዮን ላይ ሲወረውሩት አየሁ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ግን «ይዘውት ሄዱ» አልኳት። በቃ፣ ውሸቴ ይህችው ናት። ብዙ ሰው በመርከብ ተጭኖ ባሕር ማዶ ታስሯል ይባል ስለነበር፣ እሷም ልጄ እዚያ ነው ብላ ልብሶቹን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችና መጠበቅ ጀመረች። እውነቱን ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ስንት ጊዜ ዘጋሁት።

ጎረቤታችን ጅቡቲ ወደብ ላይ ሸክም ሲሸከሙ ከመርከበኞች ቦክስ የተማሩ ሰው ነበሩ። «ጋሼ፣ ያስተምሩኝ» ብላቸው ሳቁብኝ። «የሸማኔ እጅ መወርወሪያ መወርወር እንጂ መምታት የት ያውቃል!» አሉ። ግን አልጨከኑብኝም። ጆንያ በአሸዋ ሞልተን ከቤታችን ጀርባ ካለው የሸማ ቤት አግዳሚ ላይ ሰቀልነው። ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ሳልጀምር፣ እየመጡ ያሠለጥኑኝ ነበር።

የኔ ጣጣ መግፋት ነበር። ጡጫዬ ጆንያው ላይ ያርፍና እዚያው ይቀራል። «አንተ፣ በር ልትከፍት ነው እንዴ? አትግፋው! መትተህ መልስ! እጅህ አገጭህ ጋ ይመለስ! ጆንያው ዞሮ ሲመጣብህ በእግርህ ወደ ጎን ውጣለት!» ይሉኛል። ሁለት ወር ሙሉ አልገባኝም። ከዚያ ክረምት መጣ፤ ጣሪያው አፈሰሰ፤ አሸዋው ረጥቦ ጆንያው ውስጥ ደነደነ። የእጄ አንጓ አብጦ መሸመን አቃተኝ።

«አሸዋውን ድፋውና ጨርቅ ሙላበት» አሉኝ። ወይ ጨርቅ! ሰው የተጣፈውን ደግሞ እየጣፈ በሚለብስበት ዘመን ጨርቅ ከየት ይመጣል? አንድ ቀን እናቴ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ልትስም ስትሄድ ሳጥኑን ከፈትኩ። ካፖርቱን፣ ሁለቱን ሱሪዎቹን፣ እጀ ጠባቡን አወጣሁና ጋቢውን ብቻ ከላይ መልሼ አነጠፍኩ። ለሞተ ሰው ልብስ ምን ያደርግለታል አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

በማግስቱ መጀመሪያ ስመታው የወንድሜ የላብ ሽታ ከጆንያው ወጣ። ድምፁም ተለውጧል፤ የሰው ደረት የመታሁ መሰለኝ። እጄ እንደተቃጠለ ሰው እጅ በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ጆንያው ተወዛውዞ ሲመጣብኝ እንዳያቅፈኝ ፈርቼ ወደ ጎን ወጣሁ። ጋሼ በደስታ ዘለሉ። «እሰይ! የኔ አንበሳ! አሁን ገባህ!»

የገባኝ ሌላ ነበር። ግን ምን ብዬ ልንገራቸው? ክረምቱን ሁሉ እንዲያ መታሁት። በፈራሁት ቁጥር ጡጫዬ ፈጠነ፤ እግሬም ቀለለ። አንዳንድ ጠዋት ማንም ሳይነካው ሲወዛወዝ አገኘዋለሁ። ነፋስ ነው እላለሁ። ነፋስ ግን አልነበረም። ጋሼ ሳይኖሩ እሱ ጋ ብቻዬን አልቆምም ነበር።

መስከረም ጠባ፤ ፀሐይ ወጣ። ክረምት የከረመ ልብስ ፀሐይ የሚመታው በመስከረም መሆኑን እንዴት እረሳዋለሁ? አይ እኔ! እናቴ ጋቢውን ስታነሳ ሳጥኑ ባዶ ነው። «የወንድምህ ልብስ የት አለ?» አለችኝ። ዓይኔ ወደ ሸማ ቤቱ ሄደ። እሷም ቢላ ይዛ ሄደች። የጆንያውን ስፌት ስትቀደው የካፖርቱ እጅጌ ተዘርግቶ ወደቀ።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ካፖርቱን ታቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«የሚመጣ ሰው ልብስ እንዲህ አይደረግም» አለች ቀስ ብላ። «ሞቷል።»

«አዎ እማዬ።»

«መቼ?»

«ያን ዕለት። አጠገቡ ነበርኩ።»

ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «አርባው አለፈ። ሰማንያው አለፈ። መንፈቁም አለፈ። ልጄ ፍትሐት ሳይደረግለት፣ ስሙ አንድ ቀን ሳይጠራ! እኔ ሞኟ በሰላም መልስልኝ እያልኩ ስለት እሳላለሁ።»

«አፍሬ ነው እማዬ» አልኳት። «ጥዬው ሮጥኩ። ፈርቼ ነው።»

ለዚህ እንኳ ፊቷን አላዞረችብኝም። ካፖርቱን ዘረጋችና ደረቱ ላይ በጡጫዬ የሳሳውን ቦታ በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እነሱ የመቱት አንድ ቀን ነው» አለችኝ። «አንተ ግን ክረምቱን ሙሉ።»

ልብሱን ሰብስባ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችብኝ። ወዲያው ሰባት ወር የዘገየው እሪታዋ ተሰማ።