ወደ ቀኝ ያዘነበለ እርምጃ

ሁለቱም ወንድማማቾች ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። ታላቅየው ሆድ ይከፍታል፤ ትርፍ አንጀት ሆነ የሐሞት ጠጠር፣ ያገኘውን አውጥቶ ይሰፋል። ታናሽየው ዳሌ ይቀይራል። ሆዱን የተሠራ ሰው ጠባሳውን በልብሱ ሸፍኖ ይረሳል፤ ዳሌው የተቀየረለት ግን ሰፈር ለሰፈር እየዞረ "እዩኝ" ይላል። የታላቅየውን አንጀት ያሳረረው ይኸው ነው።

ይባስ ብሎ ታናሽየው አጥንት በኮምፒውተር እየለካ እጁን የሚመራለት መሣሪያ አስመጣና የእናታቸውን ቀኝ ዳሌ በዚያ ቀየረላቸው። እሳቸውም ምርኩዛቸውን ለጎረቤት ሰጡ።

"እጁ ይባረክ፣ የኔ ልጅ በሚሊ ሜትር ነው የሚሠራው" ይላሉ በየደጁ። ሚሊ ሜትርን ከመቼ ወዲህ እንደለመዷት እንጃ።

ታላቅየው በአፉ "እሰይ" ይላል። በልቡ ግን አንድ እግራቸው ካንዱ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ፣ አጥሮ ቢገኝ ብሎ ተመኘ። ለገዛ እናቱ ይህን ሲመኝ አላፈረም፤ ቅናት ዓይን አውጣ ነው። በየእሑዱ እየሄደ ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጥና ከጋዜጣው ሥር እግራቸውን ይከታተላል።

አንድ እሑድ አገኘው። ሲራመዱ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። ደስታውን መደበቅ አቅቶት ወዲያው ደወለ።

"እማዬ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ያ ማሽንህ እግሯን አሳጥሮታል።"

ታናሽየው ደንግጦ እየሮጠ መጣ። አልጋ ላይ አስተኝቶ ቁርጭምጭሚታቸውን አጋጠመ፣ በሜትር ለካ። እኩል ነው።

"እንደገና ለካ" አለ ታላቅየው።

"እንካ፣ አንተው ለካ።"

ለካ። እኩል ነው። ሜትሩን ሊጠቀልል ሲል ታናሽየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ጋሼ፣ እማዬ እኮ ጎኗን ይዛ ነው የተኛችው" አለው።

ታላቅየው ያኔ ገና ቀና ብሎ ፊታቸውን አየ። ከስተዋል። የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ሆኗል። በስተቀኝ ከጎድን አጥንታቸው ሥር ቀስ ብሎ ሲጫን ትንፋሻቸው ቁርጥ አለ። ሐሞት ነው። ከሌላው ሰው ላይ ገና ከበር ሲገባ የሚለየው በሽታ፣ በየእሑዱ ፊቱ ሲመላለስ ከርሟል።

"እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ልበልህ ልጄ፣ በመጣህ ቁጥር እግሬን ነው የምታየው። አይተህ እስክትጨርስ ብዬ ነው።"