የአው ዩሱፍ ካሴት

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ቻርጅ አልይዝ ብሎኝ ሸዋ በር ወዳለ ስልክ ሠሪ ወሰድኩት። ልጁ የጋለውን የብየዳ ካውያ እርሳሱ ላይ ሲያሳርፍ ጭሱ አፍንጫዬን መታኝ፤ ባለሁበት ቆምኩ። "ማዘር፣ ጭሱ ረበሸዎት እንዴ?" አለኝ። "አይ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ" አልኩት። በምን አፌ እነግረዋለሁ!

ያ ሽታ የአው ዩሱፍ ሽታ ነው። ልጅ ሳለሁ ከጊደር መጋላ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መንገድ ላይ ሬዲዮ ይሠሩ ነበር። ሱቃቸው ከቁም ሳጥን አይሰፋም። ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረው፣ እሳቸው መሃል ላይ በርጩማቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ትልቁን ባለእንጨት ሬዲዮ ደጃፍ ላይ ያወጡልንና የሰፈር ልጆች ጆንያ ላይ ተኮልኩለን ድራማ እንሰማለን።

የድራማው ክፉ ሰው መንገሻ የሚባል ጸሐፊ ነው። ማንም ምንም ሳያደርገው ከተማው በሙሉ የዶለተበት ይመስለዋል። ሰላም ሳይለው ያለፈን ሰው ሁሉ ጠላቴ ነው ይላል። ስሙን ቀይሮ እየዞረ የግድግዳ ሰዓት ይሸጣል፤ ሰዓቱ የገባበት ቤት ደግሞ ይቃጠላል። መርማሪው ግራ ሲገባው እኛ ጥፍራችንን እንበላለን። እኔ ግን አፌ አያርፍም። "እሳቱ ሰዓቱ ውስጥ ነው! ሰዓቱን ክፈተው!" እያልኩ ስለፈልፍ አንድ እሁድ አው ዩሱፍ ተማረሩ። "አንቺ ልጅ፣ ወላሂ አላሰማሽንም! ቤትሽ ግቢ፣ አፍሽ ሲያርፍ ትመጫለሽ።" ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ፊቴ እየነደደ ቤቴ ገባሁ። ቂም ያዝኩባቸው፤ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ጉድ እኮ ነው!

በሚቀጥለው እሁድ ኃይለኛ ዝናብ ጣለና መብራት ከከተማው ጠፋ። በሰፈራችን ያን ዕለት ድራማውን የሰማ ሰው አልነበረም። እሰይ አልኩ።

ረቡዕ ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአው ዩሱፍ በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ወፍራም የወንድ ድምፅ "ሁሉንም በአንድ ቀን አነድዳቸዋለሁ! አንድም አይተርፍም!" ይላል። ክው አልኩ። በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አየሁ። ጠረጴዛው ላይ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ካሴት እያሽከረከረ ነው፤ የሚፎክረውም መንገሻ ነው። ለካ እሳቸው ያመለጠንን ክፍል በዚሁ ቴፕ ቀድተውት ኖሯል። ካሴቱን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ አላወቅሁም ብዬ የማመልጥበት መንገድ የለኝም።

ከሰዓት በኋላ ቦኖ ጋ ውሃ ወረፋ ይዘን ሳለ፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ አስካለ "አው ዩሱፍ ሱቅ ዘግተው ሁሉንም በአንድ ቀን አነድዳቸዋለሁ ሲሉ ሰማሁ" አልኳቸው። ስለ ካሴቱ ትንፍሽ አላልኩም። ምላሴን በቆረጠው! ሰው ቢቆጣቸው፣ እንደኔ በሰው ፊት ቢያፍሩ ብዬ ነበር። ዘመኑ ግን ሬዲዮ የሚነካካ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት ነበር፤ የእትዬ አስካለ ባል ደግሞ አብዮት ጠባቂ ነው። በማግስቱ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎቹ አው ዩሱፍን መሃል አስገብተው፣ የሰው ሬዲዮ ሁሉ በጆንያ ተጭኖ፣ በደጃችን አለፉ። እናቴ "ምን አደረጉ ምስኪኑ?" ስትል ከኋላዋ ቀሚሷን ይዤ ቆሜያለሁ።

ስምንት ቀን ታሰሩ። ድራማ ነው ቢሉ ማን ሰምቶት ያምናቸዋል! በስምንተኛው ቀን አንዱ የቀበሌ ሰው ካሴቱን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ስቆ ለቀቃቸው አሉ። ሱቃቸውን ከፈቱ፤ ሬዲዮ የሚያመጣላቸው ግን ጠፋ። የተሠራለትም ሰው ተደብቆ መጥቶ ይዞ ይሄዳል። አንድ ጊዜ የተወሰደን ሰው ደጅ መርገጥ ያስፈራ ነበር። ካውያቸው ሳይግል ውሎ ሳይግል ያመሻል። እኔም በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ በዙሪያ መሄድ ጀመርኩ። ማንም ሳይበድለኝ ቤት ያቃጠልኩት መንገሻ እኔ ነበርኩ።

ክረምቱ ሳይወጣ ሱቁን ለቀው ጅግጅጋ ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ሆነ። እናቴ ለስንቅ የሚሆን ዳቦ አስይዛ ላከችኝ፤ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ዳቦውን ተቀብለው መረቁኝና ከኪሳቸው ካሴቱን አወጡ።

"መብራት ጠፍቶ ያመለጣችሁ ነው፤ ከልጆቹ ጋር ስሙት" አሉ። ቀጥለውም ፈገግ ብለው "ያን ዕለት በስንጥቁ ስታዪ አይቼሽ ነበር። አንቺን ማባረሬ ሆዴን በልቶኝ ስለነበር፣ ትስማ ብዬ ድምፁን ከፍ ያደረግኩት ለአንቺ ነው። ወላሂ፣ ያን ያህል ጎረቤት ድረስ ይሰማል አላልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ" አሉኝ።

ተናገሪ፣ ተናገሪ አለኝ ሆዴ። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኳቸውና ካሴቱን ይዤ ሮጥኩ።