ከታች የተቆረጡት አራት መስመሮች

ሥራ የጀመርኩ ቀን አቶ ታደለ አንድ የፎቶ ኮፒ ጥራዝ፣ ቀይ እስክሪብቶና ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ሰጡኝ። ጊዜው የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። እሳቸው ቦሌ መንገድ ላይ፣ ከኬክ ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች የምትዘጋጅ ሳምንታዊ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነበሩ። ጥራዙ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ውሳኔዎች ስብስብ ነው። በየሳምንቱ አንድ ክርክር መርጬ በአማርኛ እንድጽፍና አስተያየት እንድሰጥ ተቀጠርኩ።

«ሕግ ተምረሃል?»

«አልተማርኩም። ግጥም እጽፋለሁ።»

«እሱን ቤትህ ጻፍ። እዚህ ማን ከሰሰ፣ ምን ተፈረደ፣ ለምን። ውሳኔው መጀመሪያ ይምጣ።»

ውሳኔውን አስቀድሞ መናገር ታሪክ መግደል መሰለኝ።

የአሜሪካ ዳኞች በሐሳብ ሲለያዩ በድምፅ የተሸነፈውም ዳኛ ሐሳቡን ይጽፋል፤ ከፍርዱ ሥር ይታተምለታል። እኔ የምወደው እሱን ነበር። ያሸነፉት አንቀጽ ይጠቅሳሉ፤ የተሸነፈው ተከራካሪውን ሰው ያስታውሳል።

አንድ ሳምንት የአንድ ጫማ ጠጋኝ ክርክር መረጥኩ። ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ ከሠራበት የኪራይ ሱቅ ባለቤቱ ውጣ ብሎታል። ሁለት ዳኞች ለባለቤቱ ፈረዱ፤ ሦስተኛው ተቃወመ። አምዱን በሙሉ ለሦስተኛው ዳኛ ቃል ሰጠሁት። የጫማ ጠጋኙን መሸነፍ በመጨረሻዎቹ አራት መስመሮች አስቀመጥኩ። ግጥም የሚመታው መጨረሻው ላይ ነው።

ገጽ የሚያቀናብረው ጌትነት በምላጭና በሙጫ ነበር የሚሠራው። ያን ቀን አንድ የሐዘን ማስታወቂያ ዘግይቶ መጣ። ጽሑፍ ከቦታው ሲተርፍ ከታች ይቆረጣል። ይህን የቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ጌትነት አራቱን መስመሮች ቆረጠ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰባተኛው ገጽ ላይ ጫማ ጠጋኙ መሸነፉን የሚገልጽ ሁለት መስመር ማረሚያ ወጣ።

ሌላ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ወይዘሮ ዘሀራ መጡ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ገርጂ ጨርቅ ይሸጣሉ። ጽሑፌን ከጋዜጣው ቆርጠው በላስቲክ ጠቅልለውታል።

«የአሜሪካውን የጻፍከው አንተ ነህ? ልጅ ነህ እኮ።»

«እኔ ነኝ፤ ይቀመጡ።»

«መጽሐፉን አውሰኝ ልጄ። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ ለዳኛው ላሳያቸው። ባለቤቱ ሱቁን ልቀቂ ብሎ ከሶኛል። ሽማግሌዎች እስከ መስከረም ትቆይ ብለው አስማምተውት ነበር፤ እምቢ አልኳቸው። አሜሪካ የከለከለውን እናንተ ልትፈቅዱ ነው? አልኩ።»

ጊዜው ገና ጥር ነበር፤ እስከ መስከረም ከሰባት ወር በላይ ይቀራል። የአሜሪካ ፍርድ የእኛን ዳኛ እንደማያስገድድ ነገርኳቸው። ቀጥሎም ጫማ ጠጋኙ መሸነፉን ነገርኳቸው።

«ተሸንፏል?»

«አዎ።»

«ታዲያ የተሸነፈን ቃል ለምን እንደ ፍርድ ጻፍከው?»

«አምሮኝ።»

ላስቲኩን ዝቅ ብለው አዩት። «እኔም አምሮኝ ነበር» አሉ።

በማግስቱ አብሬያቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ወደ ሼህ ሰይድ ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ሼሁ ሰምተውኝ ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ባለቤቱን ትናንት ለምኜው ነበር። ሽማግሌ ንቃ ሄዳለች፣ አሁን ዳኛ ይየው ብሏል።»

ሐሙስ ዳኛው ለወይዘሮ ዘሀራ ሱቁን የሚለቁበት ሠላሳ ቀን ሰጧቸው። በሠላሳኛው ቀን የጨርቅ ጣቃ ተሸክሜ አይሱዙ ላይ ጫንኩ። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ወይዘሮ ዘሀራ ላስቲኩን ፈቱ። የጋዜጣውን ቁራጭ ሰጡኝ፤ በላስቲኩ የሱቁን ቁልፍ ጠቅልለው ለባለቤቱ ላኩለት።

«አንተ ጽፈህ ትኖራለህ» አሉኝ። «ብቻ ቶሎ ንገረን።»

አምዱን ሁለት ዓመት ጻፍኩ። የተሸነፉትን ዳኞች መጥቀስ አልተውኩም። ውሳኔው ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነበር። ከታች ያለ ነገር ሊቆረጥ ይችላል።