ወፍራሙ ቧንቧ የገባልን ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ደሴ ከምሠራበት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ጥቅል የፕላስቲክ ቱቦ ከመኪና አራገፉ። ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ አዲስ ጫማ ይሸታል። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ፤ ዘበኛው «ምን አገኘሽ?» ብሎ ገርሞት አየኝ።

ከሚሴ ነው ያደግሁት፣ ከአስፋልቱ በታች ካለው ሰፈር። እንዲህ ያለ ቱቦ ሰፈራችን የገባ ጊዜ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ናት፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አንድ ቀን ቀትር ላይ ግቢዋ ውስጥ የተከመረው የማሽላ አገዳ እሳት ያዘው፤ ነፋሱ ደግሞ ነበልባሉን ወደ ቤቷ ገፋው። የእሳት አደጋ መኪና ደረሰልን፤ የያዘው ውሃ ግን ቶሎ አለቀ። ከሰፈሩ መስመር ሊሞሉ ቢከፍቱት፣ ያ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ የዛገ ቀጭን ቧንቧ ተንጠባጠበ እንጂ አልወረደም። በባልዲና በአፈር ተረባርበን ግድግዳውን አተረፍን። ጣሪያው ግን ነደደ፣ ልትሰፋው የተቀበለችው የሰው ጨርቅም አብሮ።

እናቴ እጇን ይዛ ወደ ቤታችን አስገባቻት። ጎረቤቱ ጣሪያውን ቶሎ ቢሠራላትም፣ «ውሃው እንዲህ ሆኖ እዚያ ቤት ዓይኔን አልከድንም» ብላ እኔው አልጋ ላይ ቀረች። የሞላ ጀሪካን ራስጌዋ ሳታስቀምጥ አትተኛም። እንቅልፍ እስኪወስደን የደንበኞቿን ጉድ ታወራልኛለች። ቀሚሷን በየሳምንቱ እየመጣች ስለምታስጠብበው ሙሽራ ስትነግረኝ፣ ሳቄ እንዳይሰማ ትራሱን እነክስ ነበር። እኔ እህት የለኝም።

በኋላ ውሃ አገልግሎት አሮጌው መስመር በወፍራም ቱቦ እንዲቀየር፣ ለእሳት አደጋ መኪናም መቅጃ እንዲተከል ፈቀደ። ቱቦው የሚቀበርበትን ቦይ የሚቆፍረው ሰፈሩ ነው ተባለ። እንዴት ያለ ሰሞን ነበር! ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ እየዘፈነ ይቆፍራል፣ እናቶች የበቆሎ ጥብስ ያድላሉ፣ የተቆፈረው አፈር እርጥብ እርጥብ ይሸታል።

ቁፋሮው የአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አጥር ጋ ሲደርስ ቆመ። ቦዩ የሚያልፈው በዘይቱን ዛፎቻቸው መሃል ነበር።

«ለመጠጥ ቀጭኑም በቅቶን ኖሯል። ወፍራሙ ምን ያደርጋል?» አሉ፣ ከዘራቸውን አጥሩ ላይ ጋደም አድርገው።

መሐንዲሱ ስለ ግፊት ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ አልሰሙትም። ከእሳቱ በኋላ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል ተንፍሳ የማታውቀው ልብስ ሰፊ ዶማዋን ጥላ ቀረበቻቸው።

«አባባ፣ ያን ዕለት ነፋሱ ወደኔ ባይዞር ወደርስዎ ነበር የሚዞረው። እኔ ቤቴ ሲነድ ባዶ ቧንቧ ይዤ ቆሜያለሁ። እርስዎን እንዲህ ቆመው ማየት አልፈልግም።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ከአጥሩ ላይ አነሱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የአጥሩን እንጨት በገዛ እጃቸው ነቀሉ። «ከሥሩ ራቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ እንግዲህ፣» አሉ።

የሙከራው ቀን ሰፈሩ በሙሉ መቅጃውን ከቦ ቆመ። መሐንዲሱ ሲያዞረው መጀመሪያ አየር አፏጨ፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጥርት ያለው ከቆርቆሮ ጣሪያዎቹ በላይ ተወነጨፈ። «ቢሻን ዱፌ! ውሃው መጣ!» ተባለ። አስፋልቱ ላይ የቆመ ሚኒባስ ተሳፋሪዎች በመስኮት እጃቸውን ዘረጉ። የሽማግሌው ነጭ ጀለቢያ ገላቸው ላይ ተለጠፈ፤ «ማሻአላህ! ኧረ ዝጋው አንተ!» እያሉ ይስቃሉ። ልብስ ሰፊዋ ውሃውን በመዳፏ ልትመክት ገባችና ገፍትሮ ጭቃው ላይ አስቀመጣት። እዚያው ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሻሿን እየጨመቀች ወደኔ መጣች።

«ዛሬ ቤቴ አድራለሁ፣» አለችኝ።

እንኳን ደስ አለሽ ማለት ነበረብኝ። ጓዟን ብቻ ተሸክሜ ተከተልኳት። በሯ ላይ ጉንጬን ሳመችኝና፣ «ብቻሽን አትፈሪም አይደል?» አለች።

«ምን እፈራለሁ!» አልኳት።

ማታ አልጋዬ መሃል ላይ ተዘርግቼ ተኛሁ። አልተመቸኝም። ወደ ግድግዳው ተጠጋሁና የሷን ቦታ ለቀቅሁላት።