ዛሬ የቤት ሥራ የተሰጠኝ እኔ ነኝ

ዛሬ ሞላሌ ከተማ፣ በማስተምርበት የጎልማሶች ክፍል፣ እማማ አስካለ ሦስተኛ እርሳሳቸውን ሰበሩ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ሱፍ ሲፈትሉ የኖሩ ሴት ናቸው። እርሳስ ሲይዙ ግን እንደ ማጭድ ጨብጠው ነው።

«ላላ አድርገው ይያዙት፣ እማማ» አልኳቸው።

ስባሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ተዪኝ ልጄ፤ ይሄ በልጅነት የሚለመድ ነው፤ እኔን አልፎኛል።»

«የሚያልፍ ትምህርት የለም!» አልኩ፣ እንደ መምህር ኮስተር ብዬ።

ከዘንቢላቸው እንዝርትና ሱፍ አወጡ። «እንግዲያው እንቺ፣ ፍተዪ።»

ክሩ እጄ ላይ አምስት ጊዜ ተበጠሰ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። (ዲፕሎማዬ ላይ ስለ ፈትል የተጻፈ ነገር የለም።)

አፍሬ «ይሄ እኮ በልጅነት ካልለመዱት...» ብዬ ጀመርኩና አፌን ያዝኩ።

እማማ አስካለ ቀና ብለው አዩኝ። እርሳሱን መልሰው አነሱና በምላጭ መቅረጽ ጀመሩ።

ስንወጣ እንዝርቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት። «የቤት ሥራሽ ነው። ነገ አያለሁ።»

ይኸው ቁጭ ብዬ የበጠስኩትን እየቀጠልኩ ነው።

እናንተስ፣ «አልፎኛል» ብላችሁ የተዋችሁትን ነገር ማን መልሶ አስጀመራችሁ?